ያልተቀየጠ ጤፍ፦ ከጎጃም አውድማ እስከ ጉለሌ መሶብ

ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም የተጫነ ጤፍ ደጀንን፣ የዓባይን በረሃና ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ እንጦጦን ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀበለው የአዲስ አበባ ክፍል ጉለሌ ነው። አዲሱ ገበያ፣ ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። በእነዚህ መንደሮች እህል የሚሸምት፣ ወፍጮ ቤት የሚላክ ወይም ከሱቅ እንጀራ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፤ “ጥርት ያለ ጤፍ ነው ወይስ የተቀየጠ?”

ለአብዛኛው ሸማች ጥያቄዋ የዋጋና የጣዕም ናት። የጤፍ ዋጋ አልቀመስ ሲል ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስ ወይም ስንዴ መቀላቀል በከተማ ቤት የተለመደ ብልሃት ነው። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ግን ጥያቄዋ የጤና ናት። በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የማይስማማቸው ሰዎች፣ ጤፍ ብሎ የገዙት እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ካለበት ይታመማሉ። የእነዚህ ሰዎች ጤና የሚጠበቀው በሐኪም ክትትል ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ አውድማ፣ በነጋዴው መጋዘንና በወፍጮ ቤቱ ጭምር ነው።

ግሉተንና ሴሊያክ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ይገኛል። የስንዴ ሊጥ ሲሳብ የማይበጠሰው፣ ዳቦም ሲጋገር የሚነፋው በእርሱ ምክንያት ነው። ለብዙኃኑ ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲመገብ የራሱ የሰውነት መከላከያ የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ክፍል ይጎዳል። አንጀቱ ከምግብ ማግኘት የሚገባውን ስለማይወስድ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የክብደት መቀነስ ይከተላል። በሕፃናት ላይ ደግሞ ዕድገትን ያቀጭጫል። በዓለም ደረጃ ከ100 ሰዎች በግምት አንዱ ይህ ችግር እንዳለበት ጥናቶች ያሳያሉ።

የሕመሙ መንስኤ ከምግብ ጋር መያያዙ በግልጽ የታወቀው ቪለም ካረል ዲከ በተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ አገሩ ውስጥ ዳቦ ጠፍቶ ሕዝቡ ሲራብ በሴሊያክ የሚሰቃዩ ሕፃናት ግን ተሽሏቸው ተመለከተ። ስንዴው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ዋነኛው ሕክምና አንድ ነው፤ ግሉተን ያለበትን እህል ዕድሜ ልክ መተው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ሕመሙ የሌለበት ሰው ስንዴና ገብስ መተው አይጠበቅበትም፤ ሁለቱም ጠቃሚ ምግቦች ናቸው። ሁለተኛው፣ ሕመሙን የጠረጠረ ሰው በራሱ ውሳኔ ስንዴ ከማቆሙ በፊት ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ምርመራው ትክክለኛ ውጤት የሚያሳየው ሰውዬው ግሉተን ያለበትን ምግብ እየተመገበ ሳለ ነውና።

የጉለሌ ማዕድ

በአውሮፓና በአሜሪካ የሴሊያክ ሕመምተኛ ዳቦውን፣ ፓስታውንና ኬኩን ሁሉ ተነጥቆ በልዩ መደብር በውድ ዋጋ ምትክ ይፈልጋል። ጉለሌ ላይ ያለ ሕመምተኛ ግን የአገሩ መሶብ ራሱ ያግዘዋል። የዕለት ምግቡ መሠረት የሆነው ጤፍ በተፈጥሮው ከግሉተን ነፃ ነው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የጤፍ ዝርያዎች መርምረው ይህንኑ ያረጋገጡበት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2005 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ከእንጀራው ጋር የሚቀርበውም አብዛኛው ነገር የሚስማማ ነው። የምስር ወጥ፣ የክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ጥብስና ዶሮ ወጥ በተለመደው አሠራራቸው ግሉተን የለባቸውም። ሽሮም ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ብቻ ከተዘጋጀ እንደዚያው ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ። ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽመና ሥራ የሠፈሩት ዶርዜዎች ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ቆጮ ከእንሰት የሚዘጋጅ በመሆኑ ከግሉተን ነፃ ነው። የማሽላ፣ የበቆሎና የዳጉሳ ቂጣ፣ የፎገራ ሩዝም ከዚሁ ወገን ይመደባሉ።

ጥንቃቄ የሚሹትም አሉ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ወይም የስንዴ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ድፎ ዳቦ፣ ፓስታና መኮሮኒ ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይሆኑም። ጠላ በብቅሉ፣ ቢራም በገብሱ ምክንያት ከዚሁ ጎራ ናቸው፤ ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን ችግር የለበትም። ጨጨብሳ ሲያዝዙ ከምን ዱቄት እንደተጋገረ መጠየቅ ይገባል። አጃ ደግሞ ማሳና ወፍጮ ላይ ከስንዴና ከገብስ ጋር በቀላሉ ስለሚገናኝ እንደ ንጹሕ አይቆጠርም።

በዚህ ሁሉ መካከል እርግጠኛ መሆን የሚያስቸግረው ዋናው ምግብ፣ እንጀራው ራሱ ነው። የገብስ ቆሎ በዓይን ይታያል። በጤፍ ዱቄት ውስጥ የገባ የስንዴ ዱቄት ግን አይታይም።

ግማሽ ጭብጥ ስንዴ

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ አንድ ምግብ “ከግሉተን ነፃ” ለመባል በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን እንዳይኖርበት ይደነግጋል። ይህ በአንድ ኩንታል ሲሰላ 2 ግራም ብቻ ነው። ከስንዴ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ግሉተን በመሆኑ፣ በአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ 20 ግራም ያህል ስንዴ ከተገኘ ጤፉ የደረጃውን ጫፍ ነካ ማለት ነው። ይህ ግማሽ ጭብጥ ቢሆን ነው። ሆን ተብሎ የተቀየጠ ቀርቶ ከጆንያ ጥግ የቀረ ፍሬ ብቻውን ይበቃል።

መፍትሔውም ከዚሁ የፍሬ መጠን ይጀምራል። አንድ የስንዴ ፍሬ ከ100 በላይ የጤፍ ፍሬ ይመዝናል። ስለዚህ ጤፉ ሳይፈጭ በጥሩ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፣ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው ወንፊት የለም። ሥራው ማለቅ ያለበት እህሉ እህል ሳለ ነው። የተሰባበረ ፍሬና ብናኝ ከጤፉ ጋር አብሮ ሊያልፍ ስለሚችል ደግሞ ወንፊት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ቅይጡ የሚገባበትን በር መዝጋት ያስፈልጋል።

ቅይጡ የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር ማሳ ነው። አምና ስንዴ ወይም ገብስ የበቀለበት መሬት ላይ ጤፍ ሲዘራ፣ ረግፎ የቀረው ፍሬ አብሮ ይበቅላል። ጤፍ ከሽምብራ፣ ከጓያ ወይም ከምስር ቀጥሎ ቢዘራ ይህ ይቀንሳል፤ መሬቱም ይጠቀማል። የማይቻል ከሆነ በአረም ወቅት የበቀለውን ስንዴ ነቅሎ ማውጣት ግድ ነው። ጤፍ በመስመር ሲዘራ አረሙን ለመለየት ይቀላል።

ሁለተኛው አውድማ ነው። ገብሱ ተወቅቶ በተነሳበት አውድማ ላይ ስንዴው፣ ቀጥሎም ጤፉ ይወቃል። ከጤፉ በፊት አውድማውን ጠርጎ በእበት እንደ አዲስ መለቅለቅ፣ ካልሆነም ሸራ ማንጠፍ ይቻላል። በመውቂያ ማሽን የሚያስወቃ አርሶ አደር ማሽኑ ከሌላው ጎረቤት ስንዴ ቀጥታ ወደ እርሱ ጤፍ እንዳይዞር፣ መጀመሪያ ተራግፎ እንዲጸዳ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ጆንያና ጎተራ ነው። ማዳበሪያው አምና ምን እንደያዘ ማስታወስ፣ ገልብጦ ማራገፍ፣ ለጤፍ የተለየ ማስቀመጫ መመደብ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

አራተኛው ወፍጮ ቤት ነው። በከተማም ሆነ በገጠር አንዱ ወፍጮ በየተራ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ጤፍ ይፈጫል። ከበፊቱ እህል የቀረው ዱቄት በወፍጮው ሆድና በመውረጃው ላይ ይጠራቀማል፤ ቀጥሎ የሚፈጨው ጤፍ ጠርጎት ይወርዳል። ለሕመምተኛ የሚፈጭ ቤተሰብ ወፍጮው ከተጸዳ በኋላ ማለዳ መጀመሪያ ማስፈጨት፣ መጀመሪያ የወረደውንም ዱቄት ለብቻ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ባለ ወፍጮ ደግሞ ይህንን በግልጽ ቢያስታውቅ ደንበኛ ያገኝበታል።

የመጨረሻው በር ማዕድ ቤት ነው። እርሾ ከቀደመው ቡሖ የሚተርፍ በመሆኑ የቀደመው ሊጥ ገብስ ከነበረበት እርሾው ወደ አዲሱ ያሻግረዋል። ስለዚህ ለጤፉ የተለየ እርሾና የተለየ ቡሖ ዕቃ ያስፈልጋል። የስንዴ ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድና ማሰሻውም እንደዚሁ ይለያል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ምጣድ ለጉለሌ ቤቶች ቅርብ ነውና አንድ ምጣድ ለይቶ መያዝ ከባድ ወጪ አይደለም።

ገበያው ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በጤፍ ትሸፍናለች። ቀንድ የሆነው የምርት ሥራ የአነስተኛ አርሶ አደሮች ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ የማኛን ንጣትና የዱከምን ምርታማነት አንድ ላይ አምጥቶ በብዙ አካባቢዎች ተስፋፍቷል። ምርምሩ ንጣትንና ምርታማነትን ሲያሻሽል ቆይቷል፤ ገበያውም ዋጋ የሚተምነው በቀለም ነው። ማኛው፣ ነጩ፣ ሰርገኛውና ቀዩ ለየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ግሉተንን በተመለከተ ግን በመካከላቸው ልዩነት የለም። ንጹሕ ሆኖ የቀረበ ቀይ ጤፍ ለሕመምተኛው ከተቀየጠ ማኛ ይበልጥበታል።

የውጭው ዓለም ይህን ቀድሞ ተረድቷል። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 በጤፍ ላይ ውል ከገባ በኋላ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ኩባንያው ቢከስርም መብቱ ወደ ሌላ ተላልፎ ሲያከራክር ቆይቶ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድስ ውድቅ አድርጎታል። መንግሥት በበኩሉ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር በሚል እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል እንጀራ ግን እንዲላክ ፈቅዷል። በዚህም ከአዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሲሄድ ኖሯል። ውጭ አገር “ከግሉተን ነፃ” ተብሎ የሚሸጥ ምርት በምርመራ ይፈተናል። ፈተናውን የሚያልፈው ደግሞ ከማሳው ጀምሮ ያልተቀየጠው ብቻ ነው።

ከወረዳና ከቀበሌ የሚጠበቀው

ይህ ሥራ አዲስ በጀት ከመጠየቁ በፊት አሁን ባለው አሠራር ውስጥ ሊገባ ይችላል። በኩታ ገጠም የሚዘራ ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ማሳ የተለየ በመሆኑ ንጽሕናውን ለመጠበቅ ያመቻል፤ የግብርና ባለሙያው የኩታ ገጠሙን ዕቅድ ሲያወጣ የአምናውን ሰብል አብሮ መመዝገብ ይችላል። ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጤፍ ሲረከቡ ለቀለም እንደሚለዩት ለንጽሕናም በወንፊት ናሙና ቢፈትሹ፣ ስንዴ የተገኘበትንና ያልተገኘበትን በተለያየ መጋዘን ቢያስቀምጡ፣ ዩኒየኖች በአዲስ አበባ የእሁድ ገበያ ሲያቀርቡ የሚናገሩት ነገር ያገኛሉ። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ቅይጥ እንጀራ የሚሸጥ ነጋዴ ቅይጥነቱን እንዲገልጽ መጠየቅ ይችላሉ። ቅይጥ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ቅይጡን ጤፍ ነው ማለት ነው።

የላቦራቶሪ ምርመራው ደግሞ በማኅበር ወይም በዩኒየን ደረጃ ቢታሰብ ይመረጣል። አንድ አርሶ አደር ለብቻው የምርመራ ወጪ መሸከም አይችልም፤ የብዙ አባላት ጤፍ አንድ ላይ ሲናሙና ግን ወጪው ይከፋፈላል። ይሁን እንጂ ጥቂት አባላት ሳይጠነቀቁ ያመጡት እህል የሁሉንም ጥረት ስለሚያበላሽ፣ ናሙናው ከመደባለቁ በፊት የእያንዳንዱ አባል ጆንያ መታየት አለበት።

አርሶ አደሩም የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ አለ፤ “ይህን ሁሉ ደክሜ ዋጋው ካልተለየ ምን አገኛለሁ?” መልሱ ያለው በተረካቢዎች እጅ ነው። ንጹሑና የተቀየጠው በአንድ ዋጋ እስከተገዛ ድረስ አውድማ መለቅለቅም ሆነ ወንፊት መንፋት ትርፍ ድካም ሆኖ ይቀራል። ስንዴን ከእንክርዳድ መለየት ለኖረበት ገበሬ ጤፍን ከስንዴ መለየት አይከብደውም። መኸሩ ተሰብስቦ አውድማ ከመጣሉ በፊት ማኅበራት የንጹሕ ጤፍ ዋጋቸውን ለይተው ለአባሎቻቸው ቢያሳውቁ፣ ጉለሌ ላይ “ጥርት ያለ ነው?” ብላ ለምትጠይቅ እናት አዎን ብሎ መመለስ የሚችል ሻጭ ይኖራል።