የእግዜር ድልድይ በ360 ፒክስል

ከአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ቁልቁል የሚመለከት ሰው የአባያንና የጫሞን ሐይቆች አያምታታም። በግራ በኩል አባያ ወንዞች በሚያወርዱት አፈር ቀላ ብሎ ተንጣሏል፤ በቀኝ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። መሃል ላይ የአርባ ምንጭ ሰው የእግዜር ድልድይ የሚለው ኮረብታማ መሬት ይለያቸዋል። አንድ የከተማዋ የድረ ገጽ ባለሙያ ይህን ድልድይ አፈረሰው። የኢትዮጵያን ሐይቆች በብሮውዘር የሚያሳይ ካርታ ሠርቶ ለጎረቤቱ ሽማግሌ በስልኩ ሲያሳያቸው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ ቆዩና «ልጄ፣ ሁለቱን መቼ አገናኘሃቸው?» አሉት።

ጥፋቱ የመጣው ከቁጠባ ነው። ለኮምፒውተር የሐይቅ ዳርቻ ማለት በተርታ የተጻፉ ነጥቦች ናቸው፤ ከሳተላይት ምስል ተለቅሞ የተቀዳ ዳርቻ ነጥቡ በሺህ ይቆጠራል። ኔትወርክ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ያንን ሁሉ ወደ ስልክ መላክ ተመልካቹን ባዶ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ስለሆነ ነጥቡ ይሳሳል። የተለመደው ዘዴ ዳግላስና ፒውከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። የመስመሩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ያገናኝና ከዚያ ቀጥታ አብዝቶ የራቀውን ነጥብ ይፈልጋል። ርቀቱ ከተፈቀደው ካለፈ ነጥቡን ይዞ ግራና ቀኙን እንደገና ይፈትሻል፤ ካላለፈ መሃል ያሉትን ሁሉ ይጥላል። ስንት ይፈቀድ የሚለውን ግን የሚወስነው ሰው ነው። ባለሙያው የጻፈው ቁጥር ከልክ በላይ ለጋስ ነበር።

የሒሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሪታንያ ዳርቻ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ በሳይንስ መጽሔት ላይ የጠየቀው ይህንኑ ጉዳይ ነው። መለኪያው ባጠረ ቁጥር እያንዳንዱ ሰርጥና ጉጥ ስለሚቆጠር ዳርቻው ይረዝማል። እንዲህ ላለው ቅርጽ ፍራክታል የሚለውን ስም በ1975 አወጣለት። ቀደም ሲል በ1904 ስዊድናዊው ሄልጌ ፎን ኮክ አንድን መስመር ለሦስት ከፍሎ፣ የመሃሉን ሲሶ በሁለት የሦስት ማዕዘን ጎኖች እየተካ የሚቀጥል ቅርጽ ነድፎ ነበር። ዛሬ ይህን ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ካንቫስ ላይ ይሥለዋል፤ በ10ኛው ዙር ርዝመቱ ወደ 18 እጥፍ ይጠጋል።

የኮክ ቅርጽ ያምራል፤ ለአባያ ግን አይሆንም። የኮክ ቅርጽ የትም ቦታ እኩል የተቆራረጠ ነው። አባያ ላይ የቢላቴ ወንዝ አፈር የሚያፈስበት ዝቅተኛ ዳርቻ ከውሃው መሙላትና መጉደል ጋር ሲንቀሳቀስ፣ የድልድዩ ኮረብታ ባለበት ቆሟል። ለሁለቱም አንድ ቁጥር መስጠት ስንፍና ነበር።

 

ሒሳቡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጥፋት ተገኘ። አገሪቱ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ 360 ፒክስል ወርድ ባለው የስልክ ገጽ ላይ አንዱ ፒክስል 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይይዛል። ሐይቆቹን ለማድመቅ የተሠመረው ባለ 2 ፒክስል ጠርዝ ብቻውን 9 ኪሎ ሜትር መሬት ይውጣል። ነጥቦቹ አንድ ሳይጎድሉ ቢላኩ እንኳ ድልድዩ ከጠርዙ ሥር ይቀበር ነበር።

ባለሙያው ጠርዙን አነሣ። በድልድዩ ግራና ቀኝ ያሉትን ነጥቦች እንዳይነኩ አስሮ ሌላውን አሳሳ፤ ዝርዝሩ ካርታው ሲቀርብ ብቻ እንዲመጣ አደረገ። አባያንም ቡናማ ቀባው። ሐይቅ ሁሉ ሰማያዊ ነው ብሎ የሚያምን ተመልካች ስህተት ነው ሊል ይችላል፤ ሴቻ ወጥቶ ይይ።

ሽማግሌው ሁለተኛ ጊዜ ሲያዩት «ጎሽ» አሉ። ወዲያው ደግሞ «የአዞ ገበያውስ የታለ?» ብለው የጫሞን ዳርቻ ይፈልጉ ጀመር። በዚያ ልክ አዞዎች የሚሰበሰቡበት የአዞ ገበያ ከአንድ ፒክስል ያንሳል። ባለሙያው ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ካርታውን በሁለት ጣት እየለጠጡት ነበር።