ከሞት የተረፉት 47 ውሾች

ሊያድኗቸው የመጡት ሰዎች «ፓንኬክ» ይሏቸው ነበር። ሰው ወዳሉበት ሲገባ ሆዳቸውን ወለሉ ላይ ይለጥፋሉ፤ እንደ ቂጣ ተዘርግተው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀራሉ። አይጮኹም፣ አይናከሱም። ፍላጎታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ማንም እንዳያያቸው። ብዙ ሰው «አውሬ ናቸው፣ ይገደሉ» ብሎ የፈረደባቸው ተፋላሚ ውሾች እነዚህ ነበሩ።

ነገሩ የተገለጠው በሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ሰሪ የተባለ ገጠራማ ካውንቲ ነው። ፖሊሶች በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ አንድ ግቢ ሊፈትሹ ሄዱ። ከቤቱ ጀርባ ጥቁር የተቀቡ መጋዘኖች አሉ፤ ዛፎቹ መሃል ደግሞ ውሾች ታስረዋል። ሰንሰለታቸው መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመኪና አክስል ጋር የተያያዘ ነው። እርስ በርስ እንዲተያዩ፣ ግን እንዳይነካኩ ተለክቶ የተሠራ ነበር። ደም የነካው ወለል፣ ውሾች የሚሮጡበት ማሽን፣ ሴት ውሻ በግድ ለማዳቀል የምትታሰርበት መሣሪያም ተገኘ። ንብረቱ የማይክል ቪክ ነበር፤ በ2004 ከአትላንታ ፋልከንስ ጋር የ130 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ። ቪክና ግብረ አበሮቹ በፍልሚያ ያልቀናቸውን ውሾች ሰቅለውና ውሃ ውስጥ ደፍቀው እንደገደሏቸው በፍርድ ቤት ሰነድ ሰፍሯል። ዳኛ ሄንሪ ሃድሰን በታኅሣሥ 2007 የ23 ወር እስራት ፈረዱበት።

ስለ ሰውየው ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የያዘኝ የውሾቹ ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ አጭር ነበር። ከውሻ ማፋለሚያ የተያዘ ውሻ ማስረጃ ነው፤ ችሎቱ እስኪያበቃ በጠባብ ክፍል ይቆያል፣ ችሎቱ ሲያበቃ ይገደላል። የሚገርመው፣ በእንስሳት መብት ስማቸው የገነነ ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ ይህንኑ መምከራቸው ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ከሰው ጋር አይኖርም፣ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ሌሎች ብዙ ውሾችን ያድናል ይሉ ነበር። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የሚገኘው «ባድ ራፕ» የተባለ አነስተኛ ማኅበር ግን ውሾቹ በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ይታዩ ብሎ ጠየቀ። መንግሥትም ተስማማ።

በመስከረም 2007 ባለሙያዎች መጥተው 49 ውሾችን መረመሩ። ምርመራው ቀላል ይመስላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እንግዳ ሰው ይቀርባል፣ ይነካካዋል። ምግብ እየበላ ሳለ ሳህኑ ውስጥ የፕላስቲክ እጅ ይገባል። የሕፃን ልጅ መጠን ያለው አሻንጉሊት ይመጣል። በመጨረሻ ሌላ ውሻ ያሳዩታል። መርማሪዎቹ የጠበቁት ጥርስ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ወይ ጅራታቸውን ቆሉ፣ ወይ በፍርሃት ተሸማቀቁ። በመጨረሻ በጠበኝነቷ ምክንያት እንድትገደል የተወሰነባት አንዲት ውሻ ብቻ ነበረች። ሌላ አንድ ደግሞ ሕመሙ ስለጸናበት እንዲያርፍ ተደረገ። 47ቱ ተረፉ።

ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። የሕግ ፕሮፌሰሯን ሬቤካ ሃስን የውሾቹ ጠባቂ አድርጎ ሾመ፤ የእያንዳንዱን ውሻ ዕጣ መርምረው ሐሳብ የሚያቀርቡት እሳቸው ሆኑ። ለውሾቹ ማቆያ የሚሆነውን 928,000 ዶላር ያህልም ጥፋተኛው እንዲከፍል ታዘዘ። የበደለ ካሰ ማለት ነው። ያ ገንዘብ ባይኖር የጥቂት በጎ ፈቃደኞች ርኅራኄ የት ድረስ ይዘልቅ ነበር?

ከባድ የሚባሉት 22 ውሾች በዩታ ግዛት ካናብ አጠገብ ወደሚገኘው «ቤስት ፍሬንድስ» መጠለያ ተወሰዱ። መጀመሪያ ላይ ሌት ተቀን ሰው አብሯቸው ነበር። ተንከባካቢዎቹ የእያንዳንዱን ውሻ ፍርሃት፣ ድፍረትና ደስታ በየቀኑ በቁጥር ይመዘግቡ ነበር፤ ለውጡ እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ካልተጻፈ ዓይን አያየውም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው በደንብ የሚያውቀውን ነገር ላንሳ። የሰፈር ውሻ ሲመጣባችሁ ጎንበስ በሉ፤ ድንጋይ ባታነሱም ይሸሻል። እሱን ያሸሸው የዛሬው እጅ ሳይሆን የትናንቱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ የምንለው ለሰው ነው፤ ለውሻም ይሠራል። የተደበደበ ውሻ መጥረጊያ፣ የተነሳ ክንድ፣ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ድንገት የሚከፈት በር ሁሉ ዱላ ይመስለዋል። ፈውሱም በዚያው መንገድ ይመጣል፤ እጅ ሲዘረጋ ምግብ መምጣቱን ደጋግሞ ማየት አለበት። ዓይኑ ላይ አለማፍጠጥ፣ ከላይ ከመቆም ጎኑን ሰጥቶ መሬት ላይ መቀመጥ፣ እሱ እስኪቀርብ መጠበቅ፣ ምግብና እግር ማፍታታት በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲሆን ማድረግ። የሚሸሸግበት የራሱ ጥግም ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ጥግ ጎትቶ ማውጣት የሳምንታት ልፋትን በአንድ ደቂቃ ያፈርሳል።

ጃስሚን የተባለችው ውሻ ለዚህ ምስክር ናት። ሜሪላንድ የሚኖር ቤተሰብ ሲወስዳት ወራት ሙሉ ከማደሪያዋ ለመውጣት ትፈራ ነበር። አሳዳጊዋ አጠገቧ እየተቀመጠች ጠበቀቻት። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ መጽሔት በታኅሣሥ 2008 የሽፋን ገጹን የሰጠው ለማንም ስፖርተኛ ሳይሆን ለእሷ ነው።

ጆርጂያ የተባለችው ውሻ ወደ ካናብ ስትመጣ አፏ ውስጥ አንድም ጥርስ አልነበረም። በግድ ስትዳቀል ወንዱን እንዳትነክስ ተነቅለው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። በ2011 ግን ቤት አገኘች። ሉካስ ሰው የሚወድ፣ ገር ውሻ ነበር፤ ዳሩ ግን በፍልሚያ ባገኘው ዝና ምክንያት ይሰረቃል ተብሎ ስለተፈራ ዕድሜ ልኩን በመጠለያው እንዲኖር ፍርድ ቤት ወሰነ። በ2013 እዚያው ሞተ። እሱ ያላጠፋው ጥፋት ተከትሎታል፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሊዮ የካንሰር ሕሙማንን የሚጎበኝ ውሻ ሆነ። ጆኒ ጀስቲስ ደግሞ ማንበብ የሚለማመዱ ልጆች መጽሐፍ ሲያነቡለት አጠገባቸው ተኝቶ ያዳምጥ ነበር። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል፤ አውሬ ነው ተብሎ ሊገደል የነበረ ውሻ፣ ሲያነቡ የሚንተባተቡ ሕፃናት የማያፍሩበት ሰሚ ሆነ።

ሁሉም ግን አልዳኑም ማለት አለብኝ፤ ከፍርሃታቸው ማለቴ ነው። አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻ ከእንግዳ ሰው ይሸሹ ነበር። ሌሎች ውሾች አጠገባቸው እንዳይቀርቡ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውም ነበሩ። ፍቅር ብቻውን ይበቃል የሚል ሰው ይህን ሥራ አላየውም።

የ47ቱ መትረፍ ሌሎቹን ወዲያው አላዳናቸውም። በየካቲት 2009 በኖርዝ ካሮላይና ዊልክስ ካውንቲ ከውሻ ማፋለሚያ የተያዙ ከ120 በላይ ውሾች፣ ገና ጡት የሚጠቡ ቡችሎች ሳይቀሩ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገደሉ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ይገደሉ ሲል የኖረው ትልቁ ድርጅት፣ የአሜሪካው ሂዩሜን ሶሳይቲ፣ በዚያው ዓመት አቋሙን ቀይሮ እያንዳንዱ ውሻ ለየብቻው ይመርመር አለ።

ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከፎልስ ቸርች ሆናችሁ ከመጠለያ ውሻ ልትወስዱ ካሰባችሁ፣ መጠለያዎቹ የሚመክሩትን አንድ ስሌት ያዙ፦ 3 ቀን እንዲረጋጋ፣ 3 ሳምንት የቤቱን ወግ እንዲለምድ፣ 3 ወር ቤቴ ነው እንዲል። ዘመድ ጠርታችሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ አታሳዩት። አዲስ አበባ ሆኖ የጎዳና ውሻ የሚያነሳ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰደው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ አይባልም። ውሻው ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። በየግቢያችን ቀን ከሌት በአጭር ሰንሰለት የሚውለውን ጠባቂ ውሻም አስቡት፤ ለእሱ ማዳን ማለት ሰንሰለቱን ማርዘም፣ ቀጥሎም መፍታት ነው።

ከ47ቱ የመጨረሻው ፍሮዶ ይባል ነበር። ሲያዝ ገና ቡችላ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤተሰብ አሳድጎት በታኅሣሥ 2021፣ በ15 ዓመቱ ገደማ፣ በወዳጆቹ መካከል ሞተ።