የመሐንዲስ ብዛትና የባለሙያ እጥረት፦ የግንባታ ትምህርት በወልቂጤና በቡታጅራ

በጉራጌ ምድር ግንባታው ከግንባታ ትምህርት ቤቱ በፊት ነው የመጣው። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ የጉራጌ ተወላጆች ከነጋዴውም ከገበሬውም ገንዘብ አሰባስበው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ የዚህ ጥረት ዋና ፍሬ ነው። በዚያ ዘመን መሐንዲስ በዋናነት የሚወጣው በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈቱት ከምህንድስና ኮሌጁና ከኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ነበር። የማሽን ኦፕሬተርና የመንገድ ቴክኒሻን ያሠለጥን የነበረው ደግሞ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ራሱ ሲሆን፣ ዓለምገና ላይ ያለው ማሠልጠኛ የዚያ ውርስ ነው። መንገድ የሚሠራው ድርጅት ሠራተኛውንም ያሠለጥናል የሚለው አሠራር ያን ጊዜ አላከራከረም። ዛሬ ዋናው ክርክር እዚሁ ላይ ነው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከወልቂጤ ከተማ አጠገብ ባለችው ጉብርየ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ የሚያዘው መመሪያ በሥራ ላይ የነበረበት ነው። የኮንዶሚኒየም፣ የመንገድና የግድብ ሥራው በየቦታው ስለተጧጧፈ ሲቪል ምህንድስና ከሁሉ ተፈላጊ ትምህርት ሆነ፤ ትምህርቱም ከ4 ወደ 5 ዓመት አድጎ አንድ ሴሚስተር የሳይት ልምምድ ተጨመረበት። በኋላ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የውጭ ምንዛሪም ሲጠፋ ፕሮጀክቶቹ ቀዘቀዙ። ተመራቂው ግን በየዓመቱ መውጣቱን አላቆመም። ተማሪዎቹን ከአገሪቱ ዙሪያ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ አብዛኞቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደየመጡበት ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲ አጠገቧ ስላለ ብቻ ወልቂጤ መሐንዲስ አይበዛላትም።

በከተሞቹ የሚቀሩት የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆቹ ሠልጣኞች ናቸው። በወልቂጤም በቡታጅራም ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ተከፍሎ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ለሳይቱ የቀረበ እንዲሆን ታስቦ የተቀረጸ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ባስቀመጠው የትብብር ሥልጠና መሠረት ሠልጣኙ 70 በመቶ ጊዜውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ ያሳልፋል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ሠልጣኝ ተቀብሎ የሚያስተምር ድርጅት መኖሩ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚሠራ ተቋራጭ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ ሚክሰሩን ይከራያል፣ ፌራዮውን (ብረት ሠራተኛውን) እና አናጢውን በቁርጥ ይቀጥራል፣ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ሠራተኛውን ይበትናል። ፎርማኑም የሚከፈለው ሶሌታው (የወለል ኮንክሪቱ) በጊዜ እንዲሞላ ነው፤ ብረት አቆራረጥ ለማስተማር ሰዓት የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ሠልጣኙ ወይ ተመልካች ይሆናል ወይ እንደ ቀን ሠራተኛ አሸዋ ያመላልሳል። የዩኒቨርሲቲው ተለማማጅም ዕጣው ከዚህ እምብዛም አይለይም።

አካባቢው ራሱ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀቱ ሳይጠና በላዩ የተገነባ ቤት ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በሩም አልገጥም ይላል። ቡታጅራ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለምትገኝ የመሬት መንቀጥቀጥም ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረው ሬድ አሽ ደግሞ ለሙሌትና ለብሎኬት በቅርብ የሚገኝ ግብዓት ነው። አፈር የመረመረ፣ ኩብ ጨፍልቆ የኮንክሪት ጥንካሬ የለካ ቴክኒሻን ለእነዚህ ከተሞች ካልኩሌሽን ብቻ ከሚያውቅ ባለ ዲግሪ ይበልጥ ይጠቅማል። ኅብረተሰቡ ግን አሁንም ቴክኒክና ሙያን ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ መጠጊያ አድርጎ ነው የሚያየው።

መንግሥት ጥራትን በፈተና ለመቆጣጠር ሞክሯል። በ2015 ዓ.ም. ለዲግሪ ተመራቂዎች በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው የመውጫ ፈተና የመጀመሪያ ዙር፣ ሁሉም የትምህርት ዘርፎች ተደምረው፣ ያለፈው ከተፈታኙ 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህ ፈተና በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው፤ የቅየሳ መሣሪያውን ቶታል ስቴሽን መትከልን ወይም ኮለን (ምሰሶ) ማስተካከልን አይለካም። የቴክኒክና ሙያው የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ የተግባር ክፍል ስላለው በዚህ በኩል ይሻላል። ከፈተናው በኋላ የሚመጣው የሥራ ልምድ ጥያቄ ነው፤ ቀጣሪው ልምድ ይፈልጋል፣ የሙያ ምዝገባውም ከፍ ወዳለው ደረጃ ለመሸጋገር ልምድ ይጠይቃል፣ ልምዱ ግን ያለ ሥራ አይገኝም።

የከተሞቹ አብዛኛው ቤት ደግሞ የሚሠራው ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሏል። የተመዘገበ ባለሙያ የመቅጠር ግዴታን የጣለው በዋናነት በምድብ ለ እና ሐ ላይ ነው፤ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤትን ምድብ ሀ ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ያለውን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሚያቆመው ሙያውን ከሌላ ግንበኛ የተማረ ግንበኛ ነው። የብቃት ምዘናው ሙያው የት እንደተገኘ ስለማይጠይቅ ይህ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ተመዝኖ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል። ሥራውን ትቶ ለምዘና መሄድ ግን የአንድ ቀን ገቢ ያስቀራል፤ የቤቱ ባለቤትም ወረቀት አሳየኝ አይለውም።