ቫልቩን ማን ይጠብቀው ነበር?

ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን የተመረተች ተወዳጅ የስፖርት መኪና ናት። 1798 ሲሲ የሆነው ሞተሯ ቀላልና ጠንካራ ነው። የላይኛው ክዳኑ፣ መካኒኮቻችን ቴስታታ የሚሉት፣ ከካስት አይረን የተሠራ ሲሆን የቫልቮቹ መቀመጫም እዚያው ብረት ላይ ተቀርጾ ይወጣል።

እርሳስ የሌለው ቤንዚን ሲመጣ ይህ ቴስታታ እንቆቅልሽ አመጣ። ማሽን ሲያረጅ በክፍሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ማንኛውም መካኒክ የሚጠብቀው ይህንን ነው። በረጅም መንገድ በፍጥነት በሚነዱ መኪኖች ላይ ግን በጭስ ማውጫ ቫልቭና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው 0.38 ሚሊሜትር ክፍተት እየጠበበ ሄደ። ቢያስተካክሉትም ተመልሶ ይጠባል። ውሎ አድሮ አንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ያጣል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል። ማንም ሳይነካው ክፍተቱ እንዴት ሊጠብ ቻለ?

ቴስታታው ሲወርድ የመልሱ ግማሽ ይታያል። ቫልቩ መቀመጫውን በልቶ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ታችኛው ጫፉ ወደ ላይ በገባ ቁጥር የላይኛው ጫፉ ወደ ክንዱ ይጠጋል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ መዝጋት ያቅተዋል፤ እሳቱ በቀዳዳው እያለፈ ጠርዙን ያቃጥለዋል። ግን ለዓመታት የቆየው መቀመጫ አሁን ለምን ተበላ?

ለዚህ ወደ ኦሃዮዋ ዴይተን ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። እዚያ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ቶማስ ሚጅሊ ታኅሣሥ 9 ቀን 1921 እ.ኤ.አ. ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውህድ በነዳጅ ላይ ሞከረ። የፈለገው የሞተሩን ማንኳኳት ማስቆም ብቻ ነበር፤ ተሳካለትም። በ1923 ለገበያ የቀረበው እርሳስ ያለው ቤንዚን ዓለምን አዳረሰ። ማንም ያላቀደውን ሌላ ሥራም በጎን ይሠራ ነበር፤ ከቃጠሎ የተረፈው እርሳስ በቫልቩና በመቀመጫው ፊት ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይለጠፍ ነበር።

ይህ ሽፋን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው በግልጽ የታየው በ1970 አካባቢ ነው። የጭስ ማጣሪያ ካታሊስትን እርሳስ ስለሚያበላሸው፣ የአሜሪካ መሐንዲሶች ሞተሮችን ያለ እርሳስ መፈተሽ ነበረባቸው። ሞተር በደቂቃ 5000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 2500 ጊዜ ይዘጋል፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ በከባድ ጭነት ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። ሽፋኑ ሲጠፋ ሁለቱ ብረቶች ራቁታቸውን ይገናኛሉ፤ በጥቃቅን ነጥቦች ይበየዳሉ፤ ቫልቩ ሲከፈት ከመቀመጫው ፍርፋሪ ነቅሎ ይሄዳል። ፍርፋሪው ዝጎና ጠንክሮ ቫልቩ ላይ ሲለጠፍ ቫልቩ ራሱ ሞረድ ይሆናል። የማስገቢያው ቫልቭ ግን በሚገባው አዲስ አየርና ነዳጅ ስለሚቀዘቅዝ ከዚህ ጉዳት ይተርፋል።

ታዲያ ወደ እርሳሱ መመለስ አይቻልም ነበር? አይቻልም፤ አይገባምም። የምድርን ዕድሜ ሲለካ የነበረው ክሌር ፓተርሰን እርሳስ አየሩንና ባሕሩን ምን ያህል እንደበከለ አሳይቷል። በ1979 ኸርበርት ኒድልማን የወተት ጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የያዘ ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት እንዳላቸው አሳተመ። ብሪታንያ በ2000 መባቻ እርሳስ ያለው ቤንዚን እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችም በ2001 ዳካር ላይ በተስማሙት መሠረት እስከ 2006 መጀመሪያ ተዉት። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

ፈውሱ የተገኘው በቶርኖ ቤት ነው። ቴስታታው ታጥቦ ለስንጥቅ ይመረመራል፤ በተለይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር አንድ ጭስ መውጫ የሚጋሩበት መካከለኛው ቦታ ከሁሉም በላይ ስለሚግል። የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ፣ ጋይድ የሚባለው፣ የላላ ከሆነ ቀድሞ ይቀየራል፤ መቀመጫው የሚቆረጠው ጋይዱን ማዕከል አድርጎ ነውና። ከዚያ አሮጌው የጭስ ማውጫ መቀመጫ ይቦረቦርና ከጉድጓዱ በጥቂቱ የሚበልጥ የጠንካራ ብረት ቀለበት በኃይል ይገባበታል። ቀለበቱ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ቫልቩም በማለስለሻ ቅባት እየተሽከረከረ ይገጣጠማል። ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚታይ ግራጫ መስመር ሥራው መሳካቱን ይመሰክራል። በመጨረሻ ነጭ ጋዝ ይፈስበታል፤ ካላፈሰሰ ቫልቩ ዘግቷል።

ከዚያ በኋላ ክፍተቱ አይጠብም። ማንኳኳቱን የሚከላከለውን ሥራ የነዳጅ ማጣሪያዎች በሌላ መንገድ ተክተውታል፤ የቫልቩን ጥበቃ ደግሞ አራት ትናንሽ ቀለበቶች። መቀመጫው የጎደለው ጥንካሬ ብቻ ነበር፤ ያንን ጉድለት ግን በየጎዳናው የተበተነ መርዝ ሸፍኖት ኖሯል። ስለዚህ አሮጌ ቴስታታ በትዕግሥት የሚያድስ ሰው ሥራ ከትዝታ በላይ ይመስለኛል፤ ያ ውብ መኪና የማንንም ልጅ ደም ሳይመርዝ እንዲሄድ ያደርጋል።