ሰያፏ እንጨት ወዴት ትዘንብል?

ኑ፣ ሰብሰብ በሉልኝ! በመጋዝ፣ በመላጊያ፣ በመሮና በመዶሻ ብቻ የጣውላ መስኮት መዝጊያ እንዴት እንደሚሠራ ገባኝ። ምሥጢሩ ያለው አንዲት ሰያፍ እንጨት ላይ ነው፤ እስክንደርስባት ታገሡኝ።

መጀመሪያ በደንብ የደረቀ ጣውላ ፈልጉ፤ ጽድ ከተገኘ እሰየው፣ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም። ጠርዙን በመላጊያ አስተካክላችሁ በቁመት ጎን ለጎን ደርድሩት። ግን አታጣብቁት! እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ በወርዱ ነው። እርጥብ እንጨት ድርቅ እስኪል በቁመቱ የሚያጥረው ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጉድ እኮ ነው! የእንጨቱ ክሮች በቁመት ስለተጋደሙ ውኃው ያወፍራቸዋል እንጂ አያረዝማቸውም። በየመሐሉ ቀጭን ክፍተት ተዉለት፤ ክረምት ሲገባ ራሱ ይሞላዋል።

ከዚያ ከላይና ከታች አግዳሚ ምቱ። ምስማሩ በወዲያ በኩል ብቅ ካለ ጫፉን አጥፋችሁ እንጨቱ ውስጥ ቅበሩት፤ በቀላሉ አይነቀልም።

አሁን ወደ ዋናው! መዝጊያውን እንዲሁ ብትሰቅሉት የሚከፈተው ጎን እየወረደ ሄዶ መቃኑ ላይ ይፋተጋል። ለምን? አራት ቀጫጭን እንጨቶችን በየማዕዘኑ በአንዳንድ ምስማር አያይዙና ገፋ አድርጉት። ወዲያው ተንጋደደ አይደል? የአንዱም እንጨት ርዝመት አልተለወጠም፤ የዞረው ማዕዘኑ ነው። አሁን ከጥግ ወደ ጥግ አንዲት ሰያፍ ምቱበት። ግፉት። ንቅንቅ የለም! ሦስት ማዕዘን ሆነ እኮ፤ ከጎኖቹ አንዱ ካላጠረ ወይም ካልረዘመ ቅርጹን አይለቅም።

ግን ከየትኛው ጥግ ወደ የትኛው? «ለካ!» ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሰያፏ ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥታ ወደ ላይ፣ ወደሚከፈተው ጎን ትውጣ። ያዘመመን አጥር ባላ እንደሚደግፈው፣ ሊወድቅ ያለውን ጥግ ከሥር ትይዘዋለች፤ ክብደቱ በእሷ ወርዶ፣ በማጠፊያው አልፎ መቃኑ ላይ ያርፋል። ገልብጣችሁ ብትመቷት ግን ጭነቱ ምስማሮቹን መጎተት ይጀምራል፤ ምስማር ደግሞ እየቆየ ይላላል። እንጨት በእንጨት ላይ ሲጫን ነው ጉልበቱ! ስለዚህ የሰያፏ ሁለት ጫፎች ከአግዳሚዎቹ ጋር ግጥም ይበሉ፤ ለመላጊያና ለመሮ የምታጠፉት ጊዜ ሁሉ እዚህ ይዋል።

መስኮቱ ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ ሰያፎቹ በተቃራኒ ይዘንብላሉ፤ ማጠፊያቸው በተቃራኒ ጎን ነዋ! አንድም ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ማጠፊያው የሚገባበትን ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።