ወንድ ልጅ ሹራብ ይሠራል እንዴ?

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት ያልቀመሰ ሰው ብርድን አውቃለሁ አይበል! ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ሣሩን ውርጭ አልብሶት ታገኙታላችሁ። አባቴ ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ሲያስሉ ስሰማ ሻርፕ ልገዛላቸው አሰብኩ፤ ኪሴ እምቢ አለ። ታዲያ ለምን አልሠራላቸውም?

ሰፈራችን ሹራብ የሚሠሩ አንዲት የአንኮበር ሴት አሉ። "እትዬ፣ ያስተምሩኝ" አልኳቸው። ጓደኞቼ ሲሰሙ "ቀሚስም ልበስ" አሉኝ። እሳቸው ግን "መንዝ ሴቷ ብትፈትል ባናውን የሚሸምነው ወንዱ አይደል? ና ቁጭ በል!" አሉኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ክሩ ነው። ጥቁር የመንዝ በግ ፀጉር ፈትል ይዤ ሄድኩ። ለባና እንጂ ለአንገት ይሻክራል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ ቀለበቱ አይታይም። ለጀማሪ ለስላሳ፣ ፈካና ወፈር ያለ ክር፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው መርፌ ጋር ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በግራ እጃችሁ መርፌ ላይ 30 ቀለበት ደርድሩ። ክሩን ከኋላ አድርጋችሁ የቀኙን መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ አስገቡ፤ ክሩን ጠምጥሙበት፤ ስባችሁ አውጡና አሮጌውን ቀለበት ልቀቁት። በቃ! መስመሩ ሲያልቅ መርፌዎቹን አለዋውጡ። ሁሉም መስመር እንዲህ ከተሠራ ጠርዙ አይጠቀለልም፤ ለሻርፕ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ተቃራኒው ነው፤ ክሩ ከፊት ይሆንና መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይገባል። ሁለቱን መስመር በመስመር ካፈራረቃችሁ አንደኛው ገጽ ልሙጥ ይሆናል። በአንዱ መስመር ውስጥ ሁለት ሁለት ቀለበት እያፈራረቃችሁ፣ ሲዞር በጉብታው ላይ ጉብታ ካስከተላችሁ ደግሞ እንደ ሹራብ እጅጌ ጫፍ የሚለጠጥ ይወጣል።

እኔ ፈርቼ ክሩን ሳጠብቀው መርፌው አልገባ አለኝ። "ፈታ አድርገው፣ ማንም አይሰርቅህም" አሉኝ እትዬ። ሌላ ቀን 30 የነበረው ቀለበት 36 ሆኖ ቁጭ አለ! በየመስመሩ መጨረሻ ቁጠሩ። አራት ጊዜ ተርትሬዋለሁ።

አባቴ መጀመሪያ ሲያዩኝ "ወንድ ልጅ ሹራብ ይሠራል እንዴ?" ብለው ነበር። ሻርፑን ስሰጣቸውም ዝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ ግን አንገታቸው ላይ ነበር።

"ለባልደረባዬም አንድ ሥራለት" አሉኝ።