ከጡንቻው በላይ

ወጣት ናት፤ ጤነኛም ናት። ከሆዷና ከወገቧ በቱቦ የተመጠጠው ስብ ተጣርቶ ወደ መቀመጫዋ እየገባ ነው። በመሀል የሰመመን ባለሙያው ፊት ያለው መቆጣጠሪያ መጮህ ይጀምራል። የደም ግፊቷ ያሽቆለቁላል፣ የልብ ምቷ ይዘገያል፣ ኦክስጅኗ ይወርዳል። ደረቷን ይጫናሉ፣ መድኃኒት በላይ በላዩ ይሰጣሉ፤ ግን አትመለስም። በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያና በአሜሪካ መቀመጫን በራስ ስብ ለማተለቅ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ሰው «ቢቢኤል» ብሎ በሚያውቀው፣ ሕይወታቸው ያለፈ ብዙ ሴቶች አሟሟት እንዲህ ተመሳሳይ ነው።

ሐኪሞቹን ግራ ያጋባው ነገር ይህ ነበር፦ ሰው በገዛ ስቡ እንዴት ይሞታል? የገባው ሲሊኮን አይደለም፤ ሰውነት የሚቃወመው ባዕድ ነገርም አይደለም። ታካሚዎቹም ሕክምናውን ከሌላው አስበልጠው የመረጡት «የራሴው ስብ ነው፣ ምን ይጎዳኛል» በሚል እምነት ነው።

ስብ በደም ሥር ተጉዞ ሳንባን እንደሚዘጋ የሕክምና ሙያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቃል። የጭን አጥንት የተሰበረበት ሰው ላይ ከመቅኒው የወጡ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ወደ ደም ይገባሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን ቆይቶ ትንፋሹ ያጥራል፣ ይቃዣል፣ ደረቱና ብብቱ ላይ ነጠብጣብ ሽፍታ ይወጣል። ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በደቂቃዎች የሚገድለው ግን በዚህ መልክ አይመጣም። ሽፍታ ለማውጣት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የመጀመሪያው ትልቅ ፍንጭ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሜክሲኳዊው ፕላስቲክ ሰርጀን ላሳሮ ካርዴናስ ካማሬና ከኮሎምቢያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሁለቱን አገሮች የሙያ አጋሮች ጠየቀ፤ ታካሚ ሞቶባችኋል ወይ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ ለማንም ሐኪም ቀላል አይደለም። መልስ የሰጡትን ሁሉ አከብራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም እውነቱ የተገኘው በእነሱ ግልጽነት ነው። በሜክሲኮ በ10 ዓመት 13፣ በኮሎምቢያ በ15 ዓመት 9፣ በድምሩ 22 ሴቶች ስብ መቀመጫቸው ውስጥ በመከተቱ ምክንያት ሞተዋል። አስከሬኖቹ ሲመረመሩ ስቡ ጡንቻ ውስጥ ተገኘ። ትልልቆቹ የመቀመጫ ደም መላሽ ሥሮችም ተጎድተው ነበር።

ስቡ ጡንቻ ውስጥ የተገኘው በስህተት አልነበረም። ሐኪሞቹ ሆን ብለው ነበር እዚያ የሚያስገቡት። ከቦታው የተነሳ ስብ በአዲሱ ቦታው በሕይወት የሚቆየው ደም ካገኘ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ደም የሞላበት ነው። ስለዚህ «ጡንቻ ውስጥ አስገባ፣ ይይዝልሃል» የሚለው ምክር ከኮንፈረንስ ወደ ኮንፈረንስ ተላለፈ። ስቡን ያኖራል ተብሎ የታመነበት ደም ስቡን ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ መሆኑን ያሰበ ብዙ አልነበረም።

ሞቶቹን እንዲመረምር በአሜሪካ የተቋቋመው ግብረ ኃይል ውጤቱን በ2017 ሲያወጣ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ተጠጋ። 692 ሰርጀኖች ወደ 200,000 ስለሚጠጉ ቀዶ ሕክምናዎች መልስ ሰጡ፤ 32 ሞት ተመዘገበ። ግብረ ኃይሉ የአስከሬን ምርመራ ሰነዶችንም ሰብስቦ አነበበ። ስቡ ጡንቻው ውስጥና ከጡንቻው ሥር አለ፤ ደም መላሽ ሥሩ ተቀዷል፤ ልብና ሳንባ ውስጥ በዓይን የሚታይ የስብ ክምር አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ግን ያልተገኘው ነገር ነው። ስቡ ከቆዳ ሥር ባለው ንብርብር ብቻ ተወስኖ የሞተች ሴት በሰነዶቹ ውስጥ አልነበረችም።

ስጋ የዘለዘለ ሰው ቢላዋውን የሚይዘውን ነጭ ስስ ሽፋን ያውቀዋል። የሰውም ጡንቻ እንዲሁ የተሸፈነ ነው፤ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ድንበርም ይኸው ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ይህን ለማረጋገጥ ስብን የሚመስል ነገር አስከሬን ውስጥ አስገብተው ተከታተሉ። ከሽፋኑ በላይ የገባው እዚያው ተዘርግቶ ቀረ። ጡንቻው ውስጥ የገባው ግን ግፊቱ ሲበረታ ወደ ጥልቁ፣ ወደ ደም ሥሮቹ ሰርጎ ሄደ።

እዚያ ታች ያሉት ደም መላሽ ሥሮች ወፍራም፣ አጭርና ከዳሌ አጥንት መውጫ አጠገብ የተያዙ ናቸው፤ ሲጎተቱ ይቀደዳሉ። የቱቦው ጫፍ በቀጥታ ሥሩ ውስጥ መግባት አይጠበቅበትም፤ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃል። የታጨቀው ስብ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ በሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ነው። ስቡም ወደዚያው ይሳባል፤ ከዚያ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ።

በ2018 የፕላስቲክ ሰርጀኖች የሙያ ማኅበራት አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አወጡ፤ ከ3,000 አንዲት ልትሞት ትችላለች፣ ከየትኛውም የውበት ቀዶ ሕክምና የከፋ ነው አሉ። የእንግሊዝ የውበት ፕላስቲክ ሰርጀኖች ማኅበር ደግሞ በዚያው ዓመት አባላቱ ጨርሶ እንዳይሠሩት መከረ። የፍሎሪዳ የሕክምና ቦርድ በ2019 ስብ ጡንቻ ውስጥ ማስገባትን ከለከለ። መንስኤው ታውቋል፣ መፍትሔው ተጽፏል፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ያሰቡ ብዙዎች ነበሩ።

አላበቃም። በደቡብ ፍሎሪዳ ከ2010 እስከ 2022 ከሞቱት 25 ሴቶች 14ቱ የሞቱት ከማስጠንቀቂያውና ከክልከላው በኋላ ነው። ከሁሉ የከፋው ዓመት 2021 ነበር፤ 8 ሴቶች ሞቱ። ይህን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ፣ እነዚህ ሴቶች የሞቱት አደጋው ከታወቀ በኋላ መሆኑ ነው።

አንዱ ምክንያት ሐኪሙ የቱቦውን ጫፍ አለማየቱ ነው። ከቆዳ ሥር በእጅ ስሜት ብቻ እየተመራ «ከሽፋኑ በላይ ነኝ» ሲል ጡንቻ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ እጁ ሲደክም። ሌላው ምክንያት ንግዱ ነው። ከ25ቱ 23ቱ የሞቱት ዋጋ ቀንሰው ብዙ ሰው በሚያስተናግዱ ክሊኒኮች ነው። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ቀዶ ሕክምናውም ይቻኮላል። የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ አይታ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ አውሮፕላን ለመሳፈር የምታስብ እህት ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ብትጠይቅ እወዳለሁ፤ ስቡን የት ነው የምታስገቡት? የቱቦውን ጫፍ በአልትራሳውንድ እያያችሁ ነው? ሐኪሙ በቀን ስንት ሰው ይሠራል?

ፍሎሪዳ እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ደንብ ለወጠቻቸው። በ2022 የአንድ ሰርጀን የቀን ገደብ 3 ሆነ፣ አልትራሳውንድም ግዴታ ሆነ። የ2023ቱ ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ታካሚዋን ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን አስቀድሞ ራሱ በአካል እንዲመረምራት ያዛል።